ለትምህርት የተጠራ ደቦ

ኑ፣ ቀረብ ቀረብ በሉ። ይትባረክ፣ አንተም ና። ኮሌጅ ገባሁ ብለህ ተረት አልሰማም ልትለኝ ነው? ቁጭ በል። የማወራችሁ የድሮ ድሮ ነው። እንስሳት እንደኛ በሚያወሩበት፣ እንደኛ በሚተማሙበት፣ እንደኛም ደቦ በሚጠራሩበት ዘመን፣ ስሟን ማንም በማያስታውሳት አንዲት አገር የሆነ ነው።

በዚያች አገር አንዲት ሚዳቋ ነበረች። ባሏ ሞቶባት አንድ ልጇን ብቻዋን ያሳደገች። የልጁ ስም አሻግሬ ነው። ጎረቤቷ ደግሞ አያ ጅቦ ነበር። «ታዲያ አልበላትም?» ትሉኛላችሁ መቼም። አልበላትም! ተረት ነው የምነግራችሁ፣ አታቋርጡኝ።

አሻግሬ ጎበዝ ነበር። የመንደሩን ትምህርት ጨረሰና ከወንዝ ማዶ የኔታ ዝሆን ዘንድ ገባ። የኔታ ዝሆን የሚያስተምሩት ጎረምሶችን ብቻ ነው፤ እናንተ ዛሬ ኮሌጅ የምትሉት መሆኑ ነው። ልጁ የገባ ቀን እናቱ እልል አለች፣ ጎረቤት እልል አለ፣ አያ ጅቦም ምን እንደሆነ ሳያውቅ እልል አለ፤ ድግስ መስሎት።

ሁለት ወር ሳይሞላ ልጁ ተለወጠ። መጀመሪያ እያረፈደ መሄድ ጀመረ። ከዚያ አንድ ቀን ሄዶ ሁለት ቀን መቅረት። በኋላ ጭራሹን ተወው። ከቁጥቋጦ ሥር ተጋድሞ ቅጠል ሲያመነዥክ ይውላል።

«ልጄ፣ ምን ሆንክብኝ?» ትለዋለች እናቱ።

«ምንም። ሰለቸኝ» ይላታል።

እንዲህ እንዳሉ ከየኔታ ዝሆን መልእክት መጣ። «ሐሙስ ስም ይጠራል። ስሙ ተጠርቶ አቤት ያላለ ቦታው ለሌላ ይሰጣል» የሚል። ሚዳቋ ይሄን ሰማች። ሐሙስ የቀረው አንድ ሳምንት ነው። ልጇ ያቺን ቦታ ካጣ ሁለተኛ አያገኛትም።

መጀመሪያ ጋሽ ዝንጀሮን ጠራች፤ ምክር አዋቂ ናቸው ይባላል። ጋሽ ዝንጀሮ መጡና ልጁን ከጠዋት እስከ ቀትር መከሩት። «እኔ ባንተ ዕድሜ» ብለው ጀምረው፣ «የእናትህን ዕንባ እይ» ብለው፣ ተመልሰው «እኔ ባንተ ዕድሜ» አሉ። አሻግሬ አንገቱን ደፍቶ እሺ፣ እሺ አለ። እሳቸው ሲሄዱ እናቱ ተጠጋችው።

«ልጄ፣ ምን ሆንክብኝ?»

«ምንም። ሰለቸኝ።»

ቀጥላ ቀበሮ ዘንድ ሄደች። ቀበሮ ልጁን አላየው፣ አልጠየቀው፣ ዓይኑን ጨፍኖ ብቻ «ዓይነ ጥላ ነው!» አለ። አንድ ገንቦ ማር ተቀብሎ ክታብ ጻፈላት። አሻግሬ ክታቡን አንገቱ ላይ አስሮ እዚያው ቁጥቋጦ ሥር ተጋደመ።

«ልጄ፣ ምን ሆንክብኝ?»

«ምንም አልኩሽ እኮ እማዬ! ሰለቸኝ!»

ማሩም ሄደ፣ ልጁም አልተነሳ።

ሰኞ ዕለት ሚዳቋ እያለቀሰች ስትሄድ የእትዬ ቆቅ ማሳ ላይ ደቦ ወጥቶ አየች። እትዬ ቆቅን ብቻዋን ወር የሚፈጅባትን አረም ሃያ ሆነው ለምሳ አደረሱት። ሚዳቋ ቆማ አየችና ዕንባዋን ጠረገች። «የእትዬ ቆቅ አረም በደቦ ካለቀ፣ የልጄ ትምህርት በደቦ የማያልቀው ለምንድነው?» አለች። ትስቃላችሁ አይደል? ሳቁ። ልጁ የጨነቀው ወላጅ የማይሞክረው የለም።

አገሩም ሳቀ። «ሚዳቋ ለየላት፤ ለትምህርት ደቦ ጠራች!» ተባለ። ግን ደቦ ተጠርቶ አይቀርም፤ ነገ በራስ ላይ ይመጣል። ረቡዕ ጠዋት ሁሉም መቆፈሪያውን ተሸክሞ መጣ፤ ጋሽ ዝንጀሮ፣ እትዬ ቆቅ፣ ከርከሮ፣ ጃርት፣ ኧረ ስንቱ። ከሁሉም የቀደመው ማን ነው? አያ ጅቦ! በሌላ ደቦ ለሥራ የሚያረፍድ፣ ለመብል የሚማልድ አያ ጅቦ። «ሥራው ቁጭ ብሎ መስማት፣ ምሳው ድፎ ዳቦ! እንዲህ ያለ ደቦ በየቀኑ ይጠራልኝ» አለ። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ እዚህ ግን ስለሚያውቁት ድንጋይ ላይ አስቀመጡት።

ሚዳቋ ወጣች። «ወገኖቼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የአገራችንን ደንብ ታውቃላችሁ። ሥራው ሳያልቅ ሌማት አይከፈትም። የዛሬው ሥራ የሚያልቀው ትምህርቱ ሁላችሁም ሲገባችሁ ነው።»

«ችግር የለም!» አለ አያ ጅቦ፣ ሌማቱን እያየ።

«ደግሞ ደቦ ባለቤት ይፈልጋል። ባለቤቱ ፊት ቆሞ ከዚህ እስከዚያ ካላለ ደቦተኛው ምን ይሠራል? የትምህርቱ ባለቤት አሻግሬ ነው።»

አሻግሬ ከቁጥቋጦው ሥር ይሄን ሰማ። ወይ ጉድ! አገር በሙሉ መቆፈሪያ ይዞ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ባለቤቱ ተኝቶ? የእናቱን ለቅሶ የቻለ ልጅ ይሄን ይሉኝታ አልቻለም። ተነሣ፣ አቧራውን አራገፈ፣ ከማሳው ዳር ወዳለው ሾላ ወሰዳቸው።

«የኔታ የሚያስተምሩን ሳይወጡበት የዛፍን ቁመት ማወቅ ነው» አለ ቀስ ብሎ።

«ምን ያደርጋል?» አለ አያ ጅቦ።

«ወንዙ ላይ ለድልድይ የምንጥለው ግንድ ማዶ ይድረስ አይድረስ ሳንቆርጠው እናውቃለን። አምና የተቆረጠው አጥሮ ውሃ አልወሰደውም? የዛፉን ቁመት የሚነግረን ጥላው ነው። ጥላው በጫማ ይለካል።»

አያ ጅቦ ዘሎ ተነሣና ጥላውን በጫማው እየለካ ሄደ። «ሃያ! ሾላው ሃያ ጫማ ነው። ገባኝ፣ አለቀ፣ ሌማቱን!»

«እኔም ልለካው» አለች እትዬ ቆቅ። የእሷ እግር ትንሽ ነውና በማን ጫማ ይለካ ሲባባሉ ረፈደ፤ በመጨረሻ በአያ ጅቦ ጫማ ይሁን ተባለ። አያ ጅቦ እያጉረመረመ ደግሞ ለካ። ፀሐይዋ ከፍ ብላ ነበርና አሁን አሥራ አራት ሆነ።

ሁሉም ተያየ። ከዚያ ጋሽ ዝንጀሮ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ገባን» አሉ። «ገባን» አለች እትዬ ቆቅ። «ገባን፣ ገባን» አሉ ከርከሮና ጃርት። የዳቦው ሽታ እስከዚያ ይመጣል።

«እሰይ! እንግዲህ የገባው ለእኔ ያስረዳኝ» አለች ሚዳቋ። ጋሽ ዝንጀሮ ሰማይ ሰማይ አዩ። እትዬ ቆቅ መሬት ጫረች።

አያ ጅቦ ግን ራብ ሆዱን ሲቆርጠው ጮኸ። «እኔ አልገባኝም! ሾላው ያው የቅድሙ ሾላ ነው። ቅድም ሃያ፣ አሁን አሥራ አራት። ዛፉ እየተቀመጠ ነው እንዴ?»

ሳቁበት። አሻግሬ ብቻ አልሳቀም።

«እኔም አልገባኝም» አለ።

ሳቁ ቆመ።

«እኔም አልገባኝም! ይሄ የተማርነው በሁለተኛው ቀን ነው። ያን ቀን ወንዙ ሞልቶ አላሻግር ብሎኝ ስደርስ የኔታ ጨርሰው ‹ገባችሁ?› ይላሉ። ሁሉም ‹ገባን!› አለ። እኔም ከሁሉም በላይ ጮኼ ‹ገባን!› አልኩ። ከዚያ ወዲህ የተማርነው ሁሉ በዚያ ላይ የቆመ ነው። በየቀኑ እሄዳለሁ፣ በየቀኑ ምንም አይገባኝም። አንቺ ደግሞ ለአገር ሁሉ ‹ልጄ ጎበዝ ነው› ብለሽ ነግረሻል። ምን ልበልሽ? ሰለቸኝ አልኩሽ።»

ሚዳቋ እዚያው ቁጭ አለች። ይሄን ሁሉ ጊዜ ሰነፈብኝ፣ ጠገበብኝ ስትል ከርማለች። «ውይ ልጄን!» አለችና አንገቱን አቅፋ አለቀሰች። ቀጥሎ የቀበሮን ክታብ በጥሳ ወረወረችው።

«ልቅሶው ይቆየን» አለ አያ ጅቦ። «የሚያውቅ አለ ወይስ የለም? ካለ እንሂድ፤ ሆዴ አይጠብቅም!»

ደቦው እንዳለ ተነሣ። ወንዙ ያን ጊዜ ጎድሎ ነበርና ተሻገሩ። የኔታ ዝሆን እያስተማሩ ነው፤ ተማሪው ጸጥ ብሏል። አያ ጅቦ ሌማቱን ተሸክሞ ፊት ፊት ገባ። ማን ሌማቱን እንዳሸከመው አትጠይቁኝ።

«የኔታ፣ አልገባኝም!» አለ።

«አንተ ደግሞ ማን ነህ?» አሉ የኔታ ዝሆን፣ ኩምቢያቸውን አንሥተው። «እዚህ የሚጠይቀው ተማሪ ነው። ተማሪ ነህ?»

«ደቦተኛ ነኝ።»

ተማሪው በሳቅ ፈረሰ። አያ ጅቦ ዞሮ አሻግሬን አየው። እናቱም አየችው። አሻግሬ ወደ ፊት ወጣ።

«የኔታ፣ ያልገባኝ እኔ ነኝ። ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ አልገባኝም። ገባን ያልኩት ውሸቴን ነው።»

ከዚያ ከኋላ አንድ ድምፅ «እኔም» አለ። ከጎኑ ሌላው «እኔም።» «እኔም የኔታ።» ግማሹ ተማሪ ቆመ።

የኔታ ዝሆን የቆሙትን አንድ በአንድ አዩ። «ስንት ዘመን ‹ገባችሁ?› ስል ‹ገባን!› እያላችሁ ቤቴ እገባለሁ» አሉ። «አንድ ሰው እንኳ ጨክኖ አልገባኝም አላለኝም። አንተ ልጅ፣ እግዜር ይስጥህ። አንተስ ደቦተኛው፣ ና ወዲህ፣ እዚህ ቁም።»

አያ ጅቦን ፀሐይ ላይ ገተሩት። «ከዛፍ በፊት የራስን ጥላ ነው የሚለኩት። ይሄ ጥላው ቁመቱን እስኪያክል ጠብቁ። የእሱ ጥላ ቁመቱን ያከለ ጊዜ፣ የዛፉም ጥላ ልክ የዛፉን ቁመት ያክላል። ያኔ ብቻ ነው የሚለካው።»

ተጠበቀ። ፀሐይ ዘቅዘቅ አለች። አያ ጅቦ ሌማቱ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ንቅንቅ እንዳይል ተከለከለ። «ሳልበላ ጥላዬ ብቻ ያድግ?» እያለ ያለቅሳል። ልክ ጥላው ቁመቱን ሲያክል አሻግሬ ሮጠ፤ ደጅ ያለውን የዝግባ ጥላ ለካ። ከተማሪዎቹ አንዱ ዛፉ ላይ ወጥቶ ገመድ ለቀቀ። ገመዱም ሲለካ ያው ሆነ!

«ገባኝ!» ብሎ ጮኸ አሻግሬ። «እማዬ፣ ገባኝ! አሁን እውነቴን ነው!» ያ ለወራት ተጋድሞ የከረመ ልጅ እየዘለለ የአንዱን ዛፍ ጥላ ለክቶ ወደ ሌላው ሮጠ። ያልገባውን ሲያስረዳ፣ ለአያ ጅቦ እንኳ ሳይቀር ሲያስረዳ አመሸ።

ሌማቱ ተከፈተ። ሚዳቋ የመጀመሪያውን ቁራሽ፣ ትልቁን፣ በሁለት እጇ ይዛ ለአያ ጅቦ ሰጠችው። «አያ ጅቦ፣ ልጄን መለስክልኝ። ውለታህን በምን እከፍላለሁ?»

«እኔ እኮ ለዳቦው ብዬ ነው» አለ አያ ጅቦ፣ አፉ ሞልቶ።

«ለምንም በለው። እግዜር ይስጥልኝ።»

ሐሙስ ስም ተጠራ። «አሻግሬ!» «አቤት!» አለ፤ ድምፁ ወንዙን ተሻግሮ ለእናቱ ተሰማት። በሚቀጥለው ክረምት ለድልድዩ የሚሆነውን ዛፍ የለካው እሱ ነው። ግንዱ ሲወድቅ ማዶ ደረሰ፤ ከዚያ ወዲህ ውሃ ሞላብኝ ብሎ ከየኔታ የቀረ ልጅ የለም። ሚዳቋም በየዓመቱ እህል ሲገባ የመጀመሪያውን ዳቦ የምትልከው ለአያ ጅቦ ነበር።

ይትባረክ፣ አንተም ኮሌጁ ሰለቸኝ ማለት ጀምረሃል አሉኝ። እኔ አያትህ ከትምህርት የቀረሁት አራተኛ ክፍል ነው፤ ማካፈል ሲያስተምሩን «ገባኝ» ብዬ። ያን ጊዜ አያ ጅቦ አልነበረኝም። አንተ ግን እኔ አለሁልህ። ነገ ጠዋት ደብተርህን ይዘህ ና፤ አንተ አስረዳኝ፣ እኔ አልገባኝም እልሃለሁ። በዚህ ዕድሜዬ ይሉኝታ የለኝም። የሚቆምብን ቦታ ላይ ስንደርስ አብረን ሄደን እንጠይቃለን፤ ዳቦውን እናትህ ትጋግርልን።

በሉ፣ ተረቴን ሰጠኋችሁ፤ እናንተ ደግሞ ለልጆቻችሁ ስጡልኝ። የጥንት ሰው እንዲህ ይላል፦

እሾህ የወጋውን ቢመቱት አይሮጥም፤ ቢነቅሉለት አይቆምም።