ማሽላ ላይ የተሰቀለው ዲስክ

ጆሮ ያለው ይቅረብ፤ ሥራ የያዘውም እየሠራ ይስማ።

አንጓች የምትባል ልጅ አለችኝ። ኮሌጅ ትማራለች። የፈለገችው ትንሽ ነገር ነው፤ ኮምፒውተሯ እንዲከፈትላት። የመመረቂያ ጽሑፏ እዚያ ውስጥ ነው። ሰኞ መምህራኗ ፊት ካላቀረበችው ዘንድሮ አትመረቅም። ኮምፒውተሩ ግን ጥቁር ፊቱን አሳይቶ ዝም አለ።

ከተማ ያለው ጠጋኝ፣ "ሁሉንም ጠርጌ እንደ አዲስ ልጫንበት" አላት።

"ጽሑፌስ?"

"አብሮ ይጠረጋላ!"

እምቢ አለች። አሮጌውን ፕሮግራም የሚያሻሽል አዲስ ዲስክ ይዛ ወደ መንደራችን መጣች፤ ይኸኛው የውስጡን ሳይነካ ነው የሚጫነው። አስገባችው። ዲስኩ ግን ልጁን እንደሚድር ሽማግሌ ዘር ጠየቀ፦ "አሮጌውን ዲስክ ሳላይ አልጫንም።"

አሮጌው ዲስክ የጎረቤታችን የይመር ማሽላ ላይ ተሰቅሏል። ይመር የተጣለ መስሎት ወስዶታል፤ በፀሐይ እያብለጨለጨ ግሪሳ ወፍ ያባርርለታል።

"አያ ይመር፣ ዲስኩን ያውርዱልኝ።"

"አውርጄ ማሽላዬን ለወፍ ላብላ? ወንጭፍ አምጪና ውሰጂ።"

ይመር አሮጌውን አያወርድም፣ አሮጌው ካልወረደ አዲሱ አይጫንም፣ አዲሱ ካልተጫነ ኮምፒውተሩ አይከፈትም።

እኔ ብሆን ከይመር ጋር ተጣልቼ እመለስ ነበር። እሷ ወንጭፍ ገማጁ ሙሔ ዘንድ ሄደች።

"አያ ሙሔ፣ ወንጭፍ ይግመዱልኝ።"

"በምኔ? በጢሜ? ቃጫ አምጪ!"

ሙሔ ወንጭፍ አይገምድም፣ ይመር ዲስክ አያወርድም፣ አዲሱ አይጫንም፣ ኮምፒውተሩ አይከፈትም።

የጓሮ አጥሯ ሁሉ ቃጫ ወደሆነው ወደ ዘይነባ ሄደች።

"እትዬ ዘይነባ፣ ከቃጫው ልቁረጥ?"

"ቆርጠሽ የአገሩን ፍየል ጎመኔ ላይ ልትለቂብኝ? ክፍተቱን የምትዘጊበት እሾህ አስቀድመሽ አምጪ።"

ዘይነባ ቃጫ አትሰጥም፣ ሙሔ ወንጭፍ አይገምድም፣ ይመር ዲስክ አያወርድም፣ አዲሱ አይጫንም፣ ኮምፒውተሩ አይከፈትም።

መጥረቢያ ይዛ ግራሩ ሥር ቆመች። መጥረቢያው ዶልዱሟል። ቅርፊቱን ላጥ አደረገና፣ "ስለት ሳይወጣልኝ አልቆርጥም" አለ።

መጥረቢያው እሾህ አይቆርጥም፣ ዘይነባ ቃጫ አትሰጥም፣ ሙሔ ወንጭፍ አይገምድም፣ ይመር ዲስክ አያወርድም፣ አዲሱ አይጫንም፣ ኮምፒውተሩ አይከፈትም።

አንጥረኛው ደምለው ደጃፉ ላይ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል።

"አያ ደምለው፣ መጥረቢያውን ይሳሉልኝ።"

"እሳቴ ያለ ወናፍ አይነድም። ወናፍ የሚነፋልኝ ለቅሶ ሄዷል።"

እሳቱ አይነድም፣ መጥረቢያው እሾህ አይቆርጥም፣ ዘይነባ ቃጫ አትሰጥም፣ ሙሔ ወንጭፍ አይገምድም፣ ይመር ዲስክ አያወርድም፣ አዲሱ አይጫንም፣ ኮምፒውተሩ አይከፈትም።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ቁጭ ብሎ ያለቅሳል። አንጓች ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች።

"እኔ ልንፋ።"

ደምለው ሳቀ። "ይኼ እኮ እንደ ኮምፒውተር መነካካት አይደለም፤ ያቃጥላል!"

"እሱም ያቃጥላል፣ አያ ደምለው" ብላ ወናፉን ያዘች።

ነፋች። ፊቷ ጥላሸት እስኪመስል ነፋች። ደምለውም መሳቁን ትቶ መዶሻውን አነሳ።

ወናፉ ሲነፋ እሳቱ ነደደ፣ እሳቱ ሲነድ መጥረቢያው ተሳለ፣ መጥረቢያው እሾህ ቆረጠ፣ እሾሁ ለአጥሩ ደረሰ፣ ዘይነባ ቃጫ ሰጠች፣ ሙሔ ወንጭፍ ገመደ፣ ይመር ወንጭፉን አንዴ አስጮኾ ሞከረና ዲስኩን አወረደ። ወፍ አባራሪው ዲስክ የወፍ ኩስ ነበረበት! በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ አስገባችው። አሮጌው ታየ፣ አዲሱ ተጫነ፣ እሑድ ፀሐይ ሳትጠልቅ ኮምፒውተሩ ተከፈተ።

ጽሑፏ አንድ ቃል ሳይጎድል ቁጭ ብሏል።

"አባዬ፣ አለ! ሁሉም አለ!"

"ጎበዝ" አልኋት፤ ከዚያ በፊት ብያት አላውቅም።

ኮምፒውተሩ ሲከፈት ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ፊት ያልነቀለች ልጅ፣ ይህን ስትሰማ ዞራ አየችኝ።