አያ ጅቦና ከማዶ የመለሰው ድምፅ

አንድ ጊዜ፣ ወንዝ ለሁለት በከፈለው አገር፣ አያ ጅቦ ትልቅ ሹመት ተሾመ። ሥራው መጮህ ነበር። ማዶ፣ ከረጅም ዛፍ ጫፍ ላይ የወንዙን መምጫ የሚያይ ጉሬዛ አለ። ጅቦ ጠዋት ጠዋት ከኮረብታው ላይ ሆኖ «ኧረ ጉሬዛ!» ብሎ ይጣራል። ጉሬዛ «አቤት!» ካለ መሻገሪያው ሰላም ነው፤ ጅቦ «ጀምሩ!» ይላል፤ እመት አህያ እህል ጭና ትሻገራለች፣ ጨው ይዛ ትመለሳለች። ጉሬዛ ካልመለሰ ግን ደራሽ ውሃ አይቶ ሸሽቷል ማለት ነው። ያኔ ጅቦ «አቁሙ!» ማለት አለበት።

አንበሳ ጅቦን የሾመው ድምፁ ሩቅ ስለሚሰማ ነው እንጂ ለጭንቅላቱማ ብሎ አይደለም! ሥራ በተጀመረ ቀን አጥንት ይወረወርለታል፤ በቆመ ቀን ጦሙን ያድራል።

አንድ ጠዋት ሰማዩ አጉረመረመ። ጅቦ ዝናቡን ፈርቶ ኮረብታው ላይ አልወጣም፤ ከገደል ሥር ተጠልሎ ጮኸ።

«ኧረ ጉሬዛ!»

«ኧረ ጉሬዛ!» አለ ከወዲያ አንድ ድምፅ።

ጅቦ ግራ ገባው። «አቤት ነበር የሚለው። ዛሬ ደግሞ ምን ነካው?» ይሄኔ ሆዱ ጮኸ። «ኤዲያ! ድምፅ መጥቷል አይደል? ድምፅ ድምፅ ነው!» አለና «ጀምሩ!» ብሎ አዘዘ።

እመት አህያ ውርንጭላዋን ዳር ላይ ትታ ወንዙ ውስጥ ገባች። መሃል ስትደርስ ደራሽ ውሃ እያጓራ መጣ። «እማዬ!» ብላ ውርንጭላዋ ጮኸች። አህያ ጭነቷን ጥላ፣ ጆሮዋ ብቻ እየታየ፣ እንደ ምንም ከዳር ደረሰች። የክረምቱ እህል ግን ሄደ።

«አቁሙ!» አለ ጅቦ ደንግጦ። ደግሞ ተጣራ፤ ድምፁ መጣ። «ጀምሩ!» ውሃውን አየ። «አቁሙ!» ለመሻገር ተራ የሚጠብቁት ፍየሎች ሲወርዱ ሲወጡ ጉልበታቸው ዛለ።

«ኧረ አያ ጅቦ፣ እንሂድ ወይስ እንቅር?» አሉት።

«እኔስ ምን አውቄ! መለሰልኝ እኮ!»

ዳር ቆማ የምታየው ቀበሮ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ «እስቲ ማን እንደሆነ ጠይቀው» አለችው።

«ማነህ?»

«ማነህ?»

«እኔ ጅብ ነኝ!»

«እኔ ጅብ ነኝ!»

የጅቦ ጸጉር ቆመ። «ጉድ ፈላ! ማዶ ሌላ ጅብ አለ! ጉሬዛን በልቶ አሁን ደግሞ አጥንቴን ሊሻማኝ ነው!»

እመት አህያ ከነጭቃዋ ብድግ አለች። «ማዶ ጅብ የለም፣ አያ ጅቦ። ገደሉ የራስህን ጩኸት ነው የመለሰልህ። ጉሬዛማ ከጠዋት ጀምሮ ዝም እንዳለ ነው። ለአንዲት አጥንት ብለህ ልጄን ያለ እናት ልታስቀራት ነበር!»



ከዚያ ወዲህ ጅቦ «ኧረ ጉሬዛ፣ ውሃው ምን ይመስላል?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ራሱ ተመልሶ ከመጣ፣ ሆዱ እየጮኸም ቢሆን «አቁሙ!» ይላል።

ከዚህ የምንማረው፣ ሌላውን ወደ ወንዝ የሚሰድድ ቃል ከአፋችን ከመውጣቱ በፊት፣ የሰማነው እውነተኛ መልስ ይሁን ወይስ የራሳችን ምኞት ጩኸት ለይተን ማወቅ እንዳለብን ነው።