ሦስት ጥንድ ጫማ ለእናኑ

ተረት ተረት! «የመሠረት» ያላችሁም ቅረቡ፤ ያላላችሁም ቅረቡ።

ድሮ ድሮ፣ ከአንድ ተራራ ላይ እናኑ የምትባል ሴት ነበረች። ሥራዋ መርዶ ማድረስ ነው። ሰው ሲሞት ገደሉን ወርዳ፣ አቀበቱን ወጥታ ለዘመድ የምትነግር እሷ ነች። ከድንጋይ ድንጋይ ስትዘል ፍየል ይቀናባታል። ግን ተጠራጣሪ ናት። ወተት ሲሰጧት ታሸታለች፤ ሲያመሰግኗት «ለምን?» ትላለች። ሰውም ይስቅባታል።

በዚያ ዘመን ላይኛውና ታችኛው መንደር በአንድ ምንጭ ተጣሉ። «የኛ ነው!» «የኛ ነው!» ሽማግሌዎች ሰለቻቸውና፣ «ከየመንደሩ አንድ ሯጭ ይውጣ። ከተራራው ጫፍ የጅባራ ቅጠል ቀድሞ ላመጣው ሯጭ መንደር ምንጩ ይሁን» አሉ። ላይኞቹ እናኑን መረጡ። ታችኞቹ ደግሞ የሹማቸውን የባላምባራስ ጓንጉልን አሽከር፣ ጉልበተኛውን ደምሰውን መረጡ።

የእናኑ ጫማ አልቋል። መንገዱ ደግሞ እንደ ቢላ የሚቆርጥ ድንጋይ ነው። አዲስ ጫማ ያስፈልጋታል።

ይህን ጊዜ አንድ ሰው ከባላምባራስ ቤት መጣ። እንደ ጥጥ የለሰለሰ ቀይ የፍየል ቆዳ ጫማ ይዟል።

«ጌታዬ ጀግና ይወዳሉ» አለ።

«ጠላቴ ምን ነካውና ወደደኝ?» አለች እናኑ በልቧ። ጫማውን ወንዝ ወስዳ ነከረችው። ቆዳው ውሃ ጠጣና እንደ ተልባ አሟለጨ። «ተራራው ጫፍ ላይ ጤዛ አለ። በዚህ ብሮጥ ገደል እገባለሁ» ብላ መለሰችው።

ደግሞ የማታውቀው ነጋዴ መጣ። ወፍራም የበሬ ቆዳ ጫማ ይዟል። «እሾህ አይበሳው፣ ድንጋይ አይቆርጠው! ውሰጂው፣ ስጦታዬ ነው።»

«ነጋዴ መቼ በነጻ ሰጥቶ ያውቃል?» አለች በልቧ። አጠለቀችና አቀበቱን ወጣች፤ ደህና ነው። ቁልቁል ስትወርድ ግን ጣቶቿ ከፊት እየተጋጩ ጥፍሯ ደማ። «ሽቅብ የወደደኝ ቁልቁል ይገድለኛል» ብላ መለሰችው።

በመጨረሻ ያሳደገቻት አክስቷ ማንአህሎሽ መጣች። ያመጣችው ጫማ ቀላል ነው። ሥሩ እንደ ፍየል ሰኮና ድንጋይ ይነክሳል፤ ከጣት ፊት አውራ ጣት የሚያህል ቦታ አለው፤ ጠፍሩ ቁርጭምጭሚት ይይዛል። ነከረችው፤ አላሟለጨም። ወጣች፣ ወረደች፤ አልጎዳትም።

ጎረቤቶቿ «ከዚህ ወዲያ ምን ትፈልጊያለሽ?» አሉ። ልቧም ወደደው። ግን አፏ አላስቻለውም።

«አክስቴ፣ ከየት አመጣሽው?»

«ከቅዳሜ ገበያ ነዋ!»

«ቅዳሜ እኮ አብረን ለቅሶ ቤት ዋልን።»

ማንአህሎሽ ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች። «ላሳደግኩሽ ምላሹ ይህ ነው?» ብላ ተቆጥታ ሄደች።

እናኑ አፈረች። እንዲህ ያለች ሴት እንዴት ትጠረጠራለች? ቢሆንም ጫማውን ጉልበቷ ላይ አድርጋ አጥብቃ አጠፈችው። ከሥሩ ድርብ ቆዳ መሀል እንደ ድመት ጥፍር የሾለ ነገር ብቅ አለ። የቀርከሃ ስንጥር ነው! ቀስ ብለው ሲራመዱ ይደበቃል፤ አጥብቀው ሲሮጡ ይወጋል።

እናኑ አለቀሰች። ያለቀሰችው ለእግሯ አይደለም፤ ለአክስቷ ነው። ከዚያ ስንጥሩን ወደ ቦታው ገፋችና ለማንም ሳትናገር ቆዳ ገዝታ የራሷን ጫማ ሰፋች።

የሩጫው ቀን ሽማግሌዎች ከወይራው ሥር ተቀመጡ። እናኑ ራሷ የሰፋችውን ተጫምታ፣ የአክስቷን ስጦታ በእጇ ይዛ ቀረበች።

«አባቶቼ፣ ይህ ከደምሰው ጫማ ይበልጣል። ብልጫ ይዤ ብሮጥ ፍርድ ይጓደላል። እሱ ያጥልቀው።»

ደምሰው ደስ ብሎት እጁን ዘረጋ። ባላምባራስ ጓንጉል ከመቀመጫቸው ዘለሉ።

«ተው! እግርህን እንዳታስገባ!»

ሰው ሁሉ ወደሳቸው ዞረ።

የሽማግሌዎቹ አውራ ቀና አሉ። «ባላምባራስ፣ ጫማው ምን አደረገዎት?»

«እ... ይጠበዋል።»

«እርስዎ አጭር ነዎት፤ ይበቃዎታል። ይጫሙና ምንጩ ድረስ ሮጠው ያሳዩን።»

እምቢ ቢሉ ነገሩ ሊታወቅ፣ እሺ ቢሉ ሊወጉ! ተጫሙና ሮጡ። ብዙም ሳይርቁ «ወይኔ እግሬን!» ብለው ወደቁ። ጫማው ሲወልቅ ደም ወረደ። ማንአህሎሽም ከሽማግሌዎቹ እግር ላይ ተደፋች። «ከውሃው ዳር መሬት እሰጥሻለሁ ብለውኝ ነው» ብላ ሁሉንም ተናገረች።

ምንጩ ያለ ሩጫ ለላይኛው መንደር ተፈረደ። እናኑ ግን፣ «የታችኞቹም ይጠጡ፤ የበደለን አንድ ሰው ነው። ባላምባራስ ሁሉም ከቀዳ በኋላ ይቅዱ» አለች። እንደዚያው ሆነ። አክስቷንም ይቅር አለቻት። አክስቷ ቤት ስትሄድ ግን የቀረበላትን ገልጣ ሳታይ አትቀምስም።

«ጠርጥር፣ ከገንፎም አለ ስንጥር» የተባለው ለዚህ ነው።

ተረቴን ጨረስኩ፤ ዳቦዬን አምጡ። እሱንም ቆርሼ አየዋለሁ!