ያልታሸገው አንድ ዕቃ

ስንሻው የሚባል ጎልማሳ ከሦስተኛው የጽዋ ማኅበሩ ተጣልቶ በወጣ ሰሞን ወደ የኔታ ወልደ ሐና ዘንድ ሄደና፣ «የኔታ፣ በገባሁበት ሁሉ ክፉ ሰው የሚያጋጥመኝ ለምንድን ነው?» ብሎ ጠየቃቸው። የኔታም እንዲህ ብለው ተረት ጀመሩለት።

አንድ ሰው ነበረ። ከተማው ትንሽ፣ ቁጣው ትልቅ። ሥራው ማመልከቻ መጻፍና የሠርግ ጥሪ ማተም ነበር፤ የእንጀራ ገመዱም አንዲት አሮጌ ኮምፒውተር ነበረች።

በዚህች ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ አንድ ከባድ ሳጥን አለ። ከግድግዳው የሚመጣውን መብራት ተቀብሎ ለሌላው ዕቃ ሁሉ በየልኩ የሚያከፋፍለው እሱ ነው፤ ፓወር ሰፕላይ ይሉታል። ሰውየው ሱቁን ሲከፍት በመጀመሪያ የገዛው ይህንኑ ሳጥን ስለሆነ ከልጅ አስበልጦ ይወደው ነበር። እንግዳ ሲመጣበት ፈትቶ እያወጣ፣ «ያዘው እስቲ! ብረት እኮ ነው። የዛሬ ዕቃማ ገለባ ነው» ይላል። እንግዳውም ሌላ ምን ይበል፣ «እውነትም ከባድ ነው» ብሎ ይመልስለታል።

ሠርግ በሚበዛበት በጥር ወር ኮምፒውተሯ በየመሃሉ እየጠፋች ታስቸግረው ጀመር። ሰውየው ዕቃ በፖስታ ለሚልክ ለአንድ የአዲስ አበባ ነጋዴ ደወለና ራም የሚባለውን የማስታወሻ ዕቃ አዘዘ። ዕቃው ደረሰ። ገጠመው፤ ማብሪያውን ተጫነ።

ጢስስ አለ። ቤቱ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ።

ሰውየው አልተጠራጠረም፤ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ወዲያው ታወቀው። የተቃጠለውን አሽጎ በላዩ ላይ በትልቁ «ለሌባው» ብሎ ጻፈበትና ፖስታ ቤት ወሰደው። የፖስታ ቤቷ ሠራተኛ አገላብጣ አይታ፣ «ስም ይጨመርበት እንጂ፤ በዚህ ብቻ ከተላከ ማን ጋ እንደሚደርስ አናውቅም» አለችው። እያጉረመረመ የነጋዴውን ስም ጨመረበት።

ነጋዴው አንድ ቃል ሳይመልስ አዲስ ላከለት። አዲሱም ተቃጠለ። ቀጥሎ ጽሑፉ ሁሉ የሚቀመጥበት ሃርድ ዲስኩ ሞተ፤ አስቀይሮ ሲገጥመው ያም እንደዚያው። ሰውየው ጥቅል አቅፎ በፖስታ ቤቱ በር ብቅ ባለ ቁጥር ሠራተኛዋ፣ «ነፍስ ይማር! ዛሬስ ማን ሞተብን?» ትለው ጀመር። ተሰላፊው ሁሉ ይስቃል፤ እሱ አይስቅም።

በዚህ መካከል የጎረቤቱ ልጅ ሠርግ ደረሰ። የሙሽራዋ አባት ጠዋትና ማታ እየመጣ ደጁ ላይ ይቆማል። «ወዳጄ፣ ድንኳኑ ተይዟል፣ በሬው ተገዝቷል። ሰው ሳልጠራ በሬ ልረድ?» ይለዋል። ሌላ ደንበኛ ሁሉ ወደ ማዶው ማተሚያ ከተሻገረ ቆይቷል፤ የቀረው ይህ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ሰውየው ደሙ ፈላና ለነጋዴው ደወለ። «አንተ ሰው፣ ፈጣሪን አትፈራም? ሬሳ እየሰበሰብክ ነው የምትልክልኝ?»

ነጋዴው እርጋታ ያለው ሽማግሌ ነበር። «ወንድሜ፣ እንዲህ በቁራጭ በቁራጭ አልገባኝም። ኮምፒውተሯን ከነሆድ ዕቃዋ ላክልኝ። ያለህን ሁሉ» አለው።

ሰውየው ሊያሽጋት ቁጭ አለ። ከባዱ ሳጥን ጋ ሲደርስ ግን እጁ ቆመ። «ደህናውን ዕቃዬን ደግሞ በዚያ ሰው እጅ ላስገባ? በገለባ ሊለውጥብኝ!» አለና ፈትቶ አልጋ ሥር ሸሸገው።

ሚስቱ አየችው። «ሁሉን ላክ አላለህም እንዴ?»

«የተበላሸውን ሁሉ ማለቱ ነው» አላት።

ኮምፒውተሯ ከአዲስ አበባ ተመለሰች። ማብሪያውን ሲጫን ቦግ አለች። ሚስቱ እልል አለች፤ የሙሽራዋ አባት ነጠላውን እየጎተተ ሮጦ መጣ። የተጠሪው ስም እየገባበት ጥሪው ይታተም ጀመር። የአባትየው ዘመዶች አለቁ፤ የእናትየው ሊጀመር ሆነ። ሰውየው ግን ነጋዴው ምን እንደቀየረበት ሳያይ እንቅልፍ እንደማይወስደው ተሰማውና፣ «አንድ ጊዜ» ብሎ አጠፋት፤ ከፈታትም። ባዶውን በተወው ቦታ አንዲት አዲስ ቀላል ሳጥን ተቀምጣለች። በሁለት ጣቱ አነሳት።

«አላልኩም? ገለባ!»

ወዲያ አስቀመጣትና የራሱን ከአልጋ ሥር አምጥቶ፣ አቧራውን በእጅጌው ጠርጎ፣ በክብር ቦታው መለሰው። ማብሪያውን ተጫነ።

ጢስስ።

የሙሽራዋ አባት በእጁ የያዘውን ግማሽ ጥሪ ትኩር ብሎ አየና፣ «በል እንግዲህ፣ ዘመዶቿ እንዳልተጠሩ ለሚስቴ አንተው ንገራት» ብሎት ወጣ። የሰውየው ሚስት ደግሞ፣ «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» አለችና ጓዳ ገባች።

በማግስቱ ሰውየው እንደ ልማዱ የተቃጠለውን አሽጎ ፖስታ ቤት ሄደ። ሠራተኛዋ፣ «የዛሬውስ ገዳይ ማነው?» አለችው። ለወትሮው መልሱ ምላሱ ላይ ነበር። ያን ዕለት ግን «ሌባው» ሊል ጀምሮ ጥቅሉን ቁልቁል አየ። ዕቃው ትናንት ሲሠራ በዓይኑ አይቷል። ያጠፋው እሱ፣ የፈታው እሱ፣ የተካው እሱ። ያ አሮጌ ሳጥን መመጠን ትቶ መብራቱን እንዳለ እየለቀቀ፣ የገጠመለትን ሁሉ ሲፈጅበት እንደከረመ ያን ጊዜ ገባው። ከኋላው ተሰላፊዎቹ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። በመጨረሻ ጥቅሉን መልሶ አቀፈና ወጣ።

ቤቱ ገብቶ ሳጥኑን ነቀለ። ብዙ ጊዜ በጭኑ ላይ ይዞት ተቀመጠ። ከዚያ ለነጋዴው ደወለ።

«ያልላክሁልህ አንድ ዕቃ ነበረ» አለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አውቃለሁ» አለ ነጋዴው። «ቦታው ባዶ ነበር።»

ሰውየው ሳጥኑንም ከተቃጠለው ጋር አሽጎ ላከ። በዚያ ጥቅል ላይ ስድብ አልጻፈም። ነጋዴውም የተቃጠለውን ተካለት፤ ኮምፒውተሯ በዚያች በገለባዋ ሳጥን እየሠራች ስንት ማመልከቻ ጻፈች። የሙሽራዋን እናት ዘመዶች ግን፣ ዕቃው እስኪመጣ ሠርጉ አይጠብቅምና፣ በእጁ እየጻፈ ጠራቸው፤ ጽሑፉን ማንበብ ያቃታቸው ቀኑን ስተው በማግስቱ መጡና የተረፈውን ጠላ ጠጥተው ሄዱ።

የኔታ እዚህ ላይ ተረቱን አቁመው ወደ ስንሻው ዞሩ።

«ልጄ፣ አንተም ከሦስት ማኅበር ስትወጣ ሦስቱንም ከሰህ ነው የወጣኸው። አንዱን ሐሜተኛ፣ አንዱን ቀናተኛ፣ አንዱን አስመሳይ ብለህ አሽገህ መለስክ። ከአንዱ ወደ ሌላው ስትሻገር ግን ፈትተህ የምትሸሽገው፣ ደርሰህ መልሰህ የምትገጥመው ከባድ ሳጥን አለህ፤ ቁጣህ ነው። ‹እኔ እውነት ፊት ለፊት ተናጋሪ ነኝ› እያልክ ለእንግዳ ሁሉ ታስመዝነዋለህ። አዲስ ወዳጅ በያዝክ ቁጥር የሚፈጅብህ እሱ ነው። ለንስሐ ስትመጣ እንኳ የሰው ጥፋት ተሸክመህ ነው የምትመጣው። የሚቀበልህ ፈጣሪ ግን የቁጣህ ቦታ ባዶ መሆኑን ያያል።»

ስንሻው አንገቱን ደፋ። ነገሩ የገባው ይመስል ነበር። ኋላ ቀና አለና፣ «የኔታ፣ ነጋዴውስ ቦታው ባዶ መሆኑን ካየ ያኔውኑ ለምን አልነገረውም? እሱም እኮ ጥፋት አለበት» አላቸው።

የኔታ እስኪያስላቸው ሳቁ።

«አየህ ልጄ» አሉት ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ «አሁን ደግሞ ነጋዴውን ልታሽገው ነው።»