ከርከሮና የምትተነፍሰው ዋሻ

ልጆች፣ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ትልልቆቹም ብትሰሙ ጆሯችሁን አያምማችሁም። ድሮ ድሮ፣ ተራራ እሳት ይተፋ በነበረበት ዘመን፣ ስም ባልወጣለት አገር እሳቱ እንደ ወንዝ ፈሰሰ አሉ። ላዩ ቀዝቅዞ ድንጋይ ሆነ፤ ውስጥ ውስጡን ግን ፈስሶ አለቀና ረጅም ጥቁር ዋሻ ቀረ። የተረፈው እሳት ከሥር ገብቶ ተኛ። ተኝቶም ይተነፍስ ነበር።

በዚያ አገር ምንጭ የለም፤ ወንዝ የለም። ያለው የዋሻዋ ትንፋሽ ብቻ ነው። ትንፋሹ ከወለሉ ስንጥቅ ሞቆ ይወጣል፤ እንስሳቱ ስንጥቁ ላይ የከመሩትን ቀዝቃዛ ድንጋይ ያልበዋል፤ ከዚያ ከክምሩ ሥር ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ። የጠማው ሁሉ በሩ ላይ ቆሞ «እናት ዋሻ፣ ተንፍሺልን፤ ትንሽ ጠጥተን ትንሽ እንተው» ይላል። ጠጥቶ ሲወጣም አንድ ድንጋይ ክምሩ ላይ ይጨምራል። ወጉ ይኸው ነበር።

እመት ሽኮኮ በዚያ ዓመት ድርቅ ላይ አንዲት ልጅ ወለደች። ጡቷ ደርቋል። ዝናብ እስኪመጣ ያቺ ጠብታ ካላቆየቻት ልጅቱ እንደማትተርፍ እናቲቱ ታውቃለች። ስለዚህ በየቀኑ በጀርባዋ አዝላት ትገባለች። ውስጡ ሕልም ይመስላል፤ ጣራው ያብለጨልጫል፣ የኮቴዋ ድምፅ ከሩቅ ዞሮ ይመጣል፣ ለብ ያለው ትንፋሽ ጉንጯን ይዳስሳታል። አንዳንዴ ነቅታ ይሁን ተኝታ ለራሷም አይለይላትም።

አንድ ቀን «እናት ዋሻ፣ ተንፍሺልን» ብላ ገባች። ጠብታው ዝም ብሏል። ድንጋዩ ተበታትኗል፤ ከመካከሉ የአያ ከርከሮ ቂጥ ወደ ላይ ተሰቅሎ ይታያል።

«አያ ከርከሮ! ምን እያደረግህ ነው?»

«ሞኝ ሁላ! ጠብታው ከዚህ ከመጣ ባሕሩ ከሥር ነዋ! እናንተ ክዳን ትልሳላችሁ፤ እኔ ድስቱን ልከፍት ነው። ለብቻዬ ነው የምዋኝበት!»

«ኧረ ከሥር ያለው እሳት ነው! ውሃውን የሚወልደው ድንጋዩ ነው!»

«ድንጋይ ወለደ? ሂጂ ወዲያ!» አለና አፈሩን ዛቅ ቢያደርገው፣ ፉሽሽሽ! እንፋሎቱ ፊቱን ለበለበው። ወዲያው እዚህም እዚያም አበጠ፤ እብጠቱን ዛሬም ፊቱ ላይ ታዩታላችሁ። እንፋሎቱም ነጭ ሆኖ፣ ቀስ ብሎ፣ በጥቁሩ ዋሻ ተንሳፍፎ ወደ ሰማይ ወጣ። ውሃ ሳይሆን ሄደ።

የሽኮኮ ልጅ አንገቷን ደፋች። እናቲቱ ድንጋዩን እንዳታነሳው አቅም የላትም፤ እንዳትጮህ ሰሚ የለም።

«ውሃ! ፊቴ ነደደ! ውሃ!» አለ ከርከሮ።

«ውሃ ከፈለግህ ድንጋዩን መልስ።»

«ይከብዳል!»

«ስትበትነው አልከበደህም።»

ምን ያድርግ? በክራንቻው እየገፋ፣ እያቃሰተ አንዱን በአንዱ ላይ ከመረ። ባስቀመጠ ቁጥር ሽኮኮ «እናት ዋሻ፣ ተንፍሺልን» ስትል እሱም እያጉረመረመ ተቀበላት። ከዚያ ተቀመጡ። እሳቱ ከሥር ሲተነፍስ ይሰማል፤ ሁለቱም ዓይናቸው ከደን ከደን ይላል። ቀኑ ያለፈ ይመስላል፣ ያላለፈም ይመስላል።

ጠብ።

ከርከሮ አፉን ከፍቶ ዘለለ። ሽኮኮ ከፊቱ ቆመች።

«ቆይ! ካንተ በፊት የተጠማች አለች።»

ያን ጊዜ ነው ሕፃኗን ያያት። አንዴ ቢገፋት ኖሮ ሽኮኮ ምን ትሆን ነበር? ግን አፈረ። ወደ ኋላ አለ። ጠብታዋ በልጅቱ ከንፈር ላይ ወረደች፤ ልሳ ዋጠች፣ አስነጠሳት፣ ከዚያ ሲጥ ሲጥ ብላ አለቀሰች። እናቲቱም አብራት አለቀሰች፤ ከደስታ ነው።

ተራው ሲደርስ ከርከሮ ቁመቱ ከክምሩ ሥር አላስገባው አለ። የፊት እግሮቹን አጥፎ ተንበረከከ፣ ያበጠ ፊቱን አቀና፣ ጠበቀ። ሲግጥ የሚንበረከከው ከዚያ ወዲህ ነው ይባላል።

እንግዲህ እኔ አውርቼ ጉሮሮዬ ደረቀ፤ እናንተ ያዙልኝ፦ ጠብታ ንቆ ባሕር ሲቆፍር፣ ተንበርክኮ ጠብታ ሲቆጥር።