የአንድ አፍ ሰፈር ፊሽካ

ወለንሱ ከተማ ውስጥ፣ ከአሮጌው የባቡር ሐዲድ ማዶ፣ ቆርቆሮ በቆርቆሮ ላይ ተደግፎ የቆመው ሰፈር «አንድ አፍ» ይባላል። እንግዳ ሰው ስሙን ሲሰማ ሰፈርተኛው ተስማምቶ የሚኖር ይመስለዋል። ውሸት ነው፤ በአንድ አፍ የቦኖ ውሃ ወረፋ ላይ ብቻ በቀን ሦስት ጠብ ይነሳል። ስሙ የመጣው ከጣሳ ፊሽካ ነው። እስከ ዛሬ ድረስ በየቤቱ መቃን ላይ የጣት ርዝመት ያላት የጣሳ ፊሽካ በምስማር ተንጠልጥላ ትገኛለች፤ የሁሉም ድምፅ ያው አንድ ሻካራ ድምፅ ነው፣ ጉንፋን እንደያዘው አውራ ዶሮ። አንዷ ስትነፋ ደግሞ እጁ ሊጥ የነካውም፣ ፊቱን ሳሙና የተቀባውም፣ ሰፈሩ በሙሉ ደጅ ይወጣል። ለምን ቢባል፣ ሽማግሌዎቹ የሚሉት እንዲህ ነው።

ባቡሩ ገና እንጨት እየበላ ጭስ እየተፋ በሚመላለስበት ዘመን፣ በዚህ ሰፈር ዳምጤ የሚባል ኩራዝ ሠሪ ነበር አሉ። እንጀራው ኩራዝ ይሁን እንጂ ነፍሱ ፊሽካ ላይ ነበረች። ከባቡር መስኮት የተወረወረ የሳርዲን ጣሳ ካገኘ የያዘውን ሥራ ጥሎ ይቀመጣል፤ በመቀስ ይቆርጠዋል፣ ምስማር ላይ ይጠቀልለዋል፣ አንዱን ጫፍ በእንጨት ውታፍ ይደፍነዋል፣ ከውታፉ በታች «ምላስ» የሚላትን ስስ ከንፈር ይከፍትና እየነፋ እየሞረደ፣ እየሞረደ እየነፋ፣ የፈለገው ድምፅ እስኪወጣ አይነሳም። የሌላውንም ይሰበስባል፤ አንገቱ ላይ እንግዳ ፊሽካ ያንጠለጠለ መንገደኛ ካየ «ኩራዝ ልስጥህና እሱን ስጠኝ» ብሎ ይጨቀጭቃል። እንደሚነገረው ግድግዳው ላይ መቶ ሠላሳ አንድ ፊሽካ ነበረ፤ አንዱ የሌላውን ድምፅ አይመስልም።

ሐዲዱ ዳር ጫጫታ ስለሆነ ሰው በስሙ ቢጣራ አይሰማም ነበርና ዳምጤ ለሰፈሩ ሰው ሁሉ እንደየጠባዩ ፊሽካ ሠራለት፤ ለቁጡው ቀጭን፣ ለረጋው ወፍራም፣ ለወሬኛው ሁለት ቀዳዳ። ፊሽካ ሲነፋ ማን እንደጠራህ ታውቃለህ። እሱማ ጀርባውን ሰጥቶም ያውቃል። «ዳምጤ አይደለህም፣ አዳምጤ ነህ» ይሉታል፤ ይሄ ሙገሳ ልቡን ሳያሳብጠው አልቀረም፣ አንድ ቀን ጣቢያው ደጃፍ ላይ ሥራ ፈት ሁሉ ከቦት «ዓይኔን እሰሩኝና የዚህን ሰፈር ሰው በፊሽካው አንድ በአንድ እጠራላችኋለሁ!» ብሎ ፎከረ። የጣቢያው ሹም ወልደሩፋኤል በመስኮት ሰማው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

በሰፈሩ ዘርትሁንና ትርፌ የሚባሉ ሁለት ሴቶች ነበሩ። ዘርትሁን ከሌሎች ጋር ሆና ለባቡሩ ውሃ በአህያ ታመላልሳለች፤ ትርፌ አራት ልጆቿን እንጨት እየቸረቸረች ታሳድጋለች። የአንዷ ዶሮ የሌላዋን ጎመን በልታ ሰባት ዓመት ሙሉ አልተነጋገሩም ይባላል።

አንድ ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ የዘርትሁን አህያ እግሯ ሐዲዱ መሀል ተቀረቀረ። ባቡሩ ከኩርባው ብቅ ብሏል። ሰው «ተያት! ተያት!» ይላል፤ ዘርትሁን ግን የአህያዋን አንገት አቅፋ «እሷን ጥዬማ የትም አልሄድ» አለች። የጣቢያው ዘበኛ ፊሽካውን ጠረጴዛ ላይ ረስቶታል። ይሄኔ ነው ከሰፈሩ በኩል አንድ ሻካራ ፊሽካ አየሩን የቀደደው። ነጂው የጣቢያው ፊሽካ መስሎት ፍሬኑን ያዘ፤ ባቡሩ ሲጢጥ እያለ መጥቶ ከአህያዋ ጆሮ አንድ ክንድ ሲቀረው ቆመ። ችግሩ፣ ውስጥ ተሳፍሮ የነበረ አንድ ትልቅ ሰው ሾርባው ነጭ ኮቱ ላይ ተገለበጠበት።

ሹሙ በዚያ ኮት ፊት ተዋረደ። «ከኔ ፊሽካ ሌላ ባቡር የሚያቆም ፊሽካ የለም!» አለ። «የነፋው ሰው ቤቱ ይፈርሳል፤ እሱም በሚቀጥለው ባቡር ከነቤተሰቡ ከዚህ አገር ይወጣል።» ማን እንደነፋ ግን ያየ አልነበረም።

ዳምጤ አላየም፤ ሰምቷል። ጩኸቱ አየር ላይ ሳያልቅ የትርፌ መሆኑን አውቋል። ፊሽካዋ ዓምና ወድቃ ምላሷ ታጥፎ ነበር፤ ትርፌ በጥርሷ ነክሳ መለሰችውና ከዚያ ወዲህ ድምፁ ሻከረ። «ላቃናልሽ» ቢላት «ተወው፣ እኔስ መች ቀና ነኝ» ብላው ነበር።

ሹሙ ዳምጤን አስጠራው። «ሐሙስ በገበያው ቀን ሰፈሩ በሙሉ ተራ በተራ ይነፋል። አንተ ጀርባህን ሰጥተህ ስም ትጠራለህ። እዋሻለሁ እንዳትል፣ ነጂው ያን ድምፅ ሰምቶታል፤ ሲደገም ይለየዋል። ከዋሸህ ያንተም ቤት ይፈርሳል። ግድግዳህ ላይ ያለውንም ኮተት ሁሉ ይዘህ ና።»

ቤቱ ሲመለስ ትርፌ ደጁ ላይ ቆማ አገኛት።

«አንተ ዳምጤ፣ ሄጄ እኔ ነኝ እላለሁ። ያንተ ጎጆ በምን ዕዳዋ ትፈርሳለች?»

«እትዬ ትርፌ፣ አራት ልጅ ይዘሽ ወዴት ልትሄጂ?»

«ወደ ሲኦል! ደግሞ የነፋሁት ለአህያዋ ነው፤ ለሷ እንዳይመስልህ።»

ዳምጤ ሳቀ፤ ወዲያው ሳቁ ቆመ። «ፊሽካሽን ስጪኝ» አላት።

«ልትሰብራት ነው?»

«የለም። ላበዛት ነው።»

ያን ቀንና ረቡዕን ከቤት ቤት ዞረ ይባላል። የእያንዳንዱን ፊሽካ ርዝመት ከትርፌ ጋር እያስተያየ ቆረጠ፣ የበዛውን ቀዳዳ በእርሳስ ደፈነ፣ ምላሱን በጉጠት አጥፎ መለሰው፣ ነፋ፣ እስኪሻክር ሞረደ። ዘርትሁን ጋ ሲደርስ ሴትዮዋ ዓይኗን አፈጠጠች። «የሷን ድምፅ እኔ አፍ ውስጥ ልትከት?»

«እምቢ ካልሽ አንቺ ብቻ ትለያለሽ፤ አንዷ ከተለየች ደግሞ ሌላው መቀየሩ ይነቃል።»

አህያዋን ዘወር ብላ አየቻት። «በል ሞርደው» አለች በመጨረሻ። «ይቺ ትታዘበኛለች።»

የቀረው የራሱ ግድግዳ ነበር። ሹሙ አንድ በአንድ ሊያስነፋው ነውና የተለየ ድምፅ ከተገኘበት የሰፈሩ ፊሽካ መቀየሩ ይታወቃል። ዳምጤ ከምስማሩ አንዱን አወረደ፤ በገዛ ድምፁ አንድ ጊዜ ነፋው፣ ከዚያ ጉጠቱን አነሳ። ሁለተኛውን አወረደ። በውጭ ያለፈ ሰው ሁሉ እንደሰማው፣ ዳምጤ ረቡዕ ማታ መቶ ሠላሳ አንድ ጊዜ ተሰናበተ።

ሐሙስ ገበያተኛው በሙሉ ጣቢያው ሜዳ ላይ ቆመ። ዳምጤ ጀርባውን ሰጠ። የመጀመሪያው ሰው ነፋ።

«ይሄ ነው!» ብሎ ነጂው ተነሳ።

ሁለተኛው ነፋ። «ይሄ... ይሄም ነው።» ሦስተኛው ነፋ፤ አራተኛው ነፋ። ትርፌ ነፋች፤ ዘርትሁን የጠላቷን ድምፅ ጉንጯን ነፍታ ለቀቀችው። ከዳምጤ ግድግዳ የመጣውም ሁሉ ተነፋ፤ ያው ድምፅ ነው። ነጂው ላቡን ጠረገ። «ጌታዬ፣ ወይ እኔ ደንቁሬያለሁ ወይ ባቡሩን ያቆሙት ሁሉም ናቸው።» ሜዳው በሳቅ ፈረሰ።

ሹሙ የዳምጤን ትከሻ ጨምድዶ አዞረው። «የማን ነው? ስም ጥራ!»

«የአንድ አፍ ነው፣ ጌታዬ።»

«ስም ጥራ አልኩህ!»

«ጠራሁ እኮ።»

«እንግዲያው ሁላችሁንም አባርራለሁ!»

ዘርትሁን የአህያዋን ጀርባ መታ መታ አደረገች። «እሺ ጌታዬ፣ እንሄዳለን። ባቡሩ ግን የማንን ውሃ ጠጥቶ ሊሄድ ነው?»

ሹሙ ማንንም ሳያባርር ወደ ቢሮው ገባ። አንዳንዶች በዓመቱ ወደ ሌላ ጣቢያ ተዛወረ ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ እስኪሞት እዚያው ነበረ፣ ፊሽካ በሰማ ቁጥር ግን መስኮቱን ይዘጋ ነበር ይላሉ። ዘርትሁንና ትርፌ ታረቁ የሚል ግን የለም።

ዳምጤ ከዚያ በኋላ ማን እንደጠራው ማወቅ አልቻለም። ፊሽካ በተነፋ ቁጥር ኩራዙን ጥሎ ደጅ ይወጣል፤ ትርፌም ትወጣለች፣ ዘርትሁንም ትወጣለች፣ ማን እንደተጠራ ስለማይታወቅ ሁሉም ይወጣል። ልጆቻቸውም ይህንኑ ወረሱ። አዲስ ፊሽካ የሚሠራ ሰውም የትርፌን ድምፅ እስኪያገኝ ይሞርዳል፤ ጥርት ያለ ድምፅ ያወጣች ፊሽካ መቃን ላይ አትሰቀልም።

ሰፈሩ መግቢያ ላይ ዛሬም የምትታይ አንዲት የቆርቆሮ አጥር አለች። ዓምና ሜትርና ቀይ ቀለም የያዙ ሰዎች መጥተው ለማፍረስ የኤክስ ምልክት ሊያደርጉባት ጀምረው ነበር አሉ። አንዱን ሰረዝ ጎትተው ሁለተኛውን ሊያሳልፉበት ሲሉ ከሆነ ቤት ፊሽካ ተነፋ። ቀና ሲሉ በየደጁ ሰው ቆሟል።

«ማነው የነፋው?» አለ ቀለም የያዘው።

ማንም ስም አልጠራም። አጥሯ ላይ እስካሁን ያለው አንድ ሰረዝ ብቻ ነው።