ጓንጉልን ዳኛ ይፈልገዋል

ዘሎ ሰው ነገር ውስጥ የሚገባን ሰው ስናይ የምንጥልበት አንድ አባባል አለ። ሁሉም ይለዋል፤ ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። የወይራምባ ሰዎች ከአንድ ለፋፊ ጀርባ ነው የመጣው ይላሉ። በወይራምባ ለፋፊ ጉብታው ላይ ሲወጣ ፊቱን የሚያዞረው የሚጠራው ሰው ወዳለበት ሰፈር ነው። ያን ቀን ጧት ፊቱ ወደ ላይኛው ሰፈር፣ ጀርባው ወደ ታችኛው ሰፈር ነበር። የታችኛው ሰፈሯ ወይዘሮ ደብሪቱ ይህን ጀርባ በዓይኗ አይታዋለች። ያስተዋለችው ግን ነገር ሁሉ ከተበላሸ በኋላ ነው።

ደብሪቱ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ሥጋት ነበረባት እንጂ። አውራ ዶሮ ያለ ሰዓቱ ከጮኸ ሞት ነው። በሰዓቱ ከጮኸም «ዛሬ ምን አይቶ ነው እንዲህ ያማረበት?» ትላለች። ባሏ ጓንጉል ከገበያ ትንሽ ዘግየት ካለ በልቧ ቀብራው፣ ሠልስቱን አውጥታ፣ ለተዝካሩ ስንት ጋን ጠላ እንደሚበቃ ስታወጣ ስታወርድ ሰውዬው በሩን ገፍቶ ይገባል። «እንደምን ዋልሽ?» ሲላት ትጮኻለች።

ዘመኑ ዳኛ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ የሚያስችልበት ዘመን ነው። ጓንጉል እህቱ ወልዳ ሊጠይቃት ቆላ ከወረደ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ደብሪቱ ደጃፏ ላይ ጤፍ ስትነፋ ለፋፊው ቀንዱን ነፋና ጮኸ።

«ስማ! ያልሰማህ ስማ! ጓንጉልን ዳኛ ይፈልገዋል! አሁኑኑ ከሾላው ሥር ይቅረብ!»

ወንፊቱ ከእጇ ወደቀ። ጎረቤቷ ጠጅቱ ከአጥሩ ወዲያ አንገቷን ብቅ አደረገች።

«አንቺ ደግሞ ምን ያንቀጠቅጥሻል? ጓንጉል ያንቺ ባል ብቻ ነው? ንብ አርቢው ጓንጉል የለም ወይ ላይኛው ሰፈር?»

«ንብ አርቢውን ዳኛ ምን ይሠራበታል? ምን አጥፍቶ?»

«ያንቺስ ምን አጥፍቶ?»

ደብሪቱን የገደላት ይህ ጥያቄ ነው። ባሏ ምን እንዳጠፋ ማሰብ ጀመረች። ሰው አንዴ ማሰብ ከጀመረ ደግሞ አያጣም።

«እህቴ፣ የማንን ልጅ ጓንጉል እንደሚል እስኪ ለፋፊውን ጠይቂው» አለች ጠጅቱ።

«መዓት የአባት ስም አይጠይቅም!» አለች ደብሪቱና ወደ ጓዳ ሮጠች።

የአገሩ ልማድ ነውና፣ ጥፋተኛ ሳይያዝ ቀድሞ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ከቀረበ ዳኛ ይራራለታል። ደብሪቱ መጀመሪያ ትንሽ ድንጋይ አነሳች፤ ንቀት እንዳይመስልባት ፈርታ ጣለችው። ትልቁን ልታነሳ ስትል፣ ትልቅ ድንጋይ ትልቅ ጥፋት ያስመስላል ብላ ተወችው። በመጨረሻ የወፍጮዋን መጅ ተሸክማ ወጣች። ጠጅቱም ይህንንማ ሳላይ አልቀርም ብላ ነጠላዋን እያጣፋች ተከተለቻት።

ሾላው ዘንድ ሲደርሱ ሕዝቡ ከዛፉ ርቆ ቆሟል። ዳኛው ጭቃ ሹም መኩሪያም ከሕዝቡ ጋር ርቀው ቆመዋል፤ በርጩማቸው ብቻዋን ከዛፉ ሥር ቀርታለች። ሌላ ሰው ቢሆን ለምን ብሎ ይጠይቅ ነበር። ደብሪቱ ግን ከነመጇ ሄዳ በርጩማዋ ፊት ተንበረከከች።

«ደብሪቱ! ከዚያ ውጪ!» አሉ ጭቃ ሹሙ በሹክሹክታ።

«ምሕረት ሳላገኝ አልወጣም ጌታዬ!»

«ኧረ ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ!»

«እሺ ጌታዬ፣ ዝቅ አድርጌ ሁሉንም እናገራለሁ» ብላ ከፍ አድርጋ ጀመረች። «የጠሩት ስለ ድንበሩ ከሆነ እውነት ነው። አምና አንዲት ትልም ወደ አያ ምትኩ ማሳ ገብታለች። የሳበው በሬው ነው። ባሌ ግን በሬው ሲስብ ዝም ብሎ ተከትሎታል።»

አያ ምትኩ ከሕዝቡ መካከል ብቅ አለ። «እኔ ደግሞ ማሳዬ ጠበበብኝ ስል ሚስቴ አንተ ነህ የወፈርክ ትለኝ ነበር!»

«ስለ ድንበሩ ካልሆነ ስለ መቋሚያው ነው» ቀጠለች ደብሪቱ። «መሪጌታ ክንፉ ጠፋብኝ ያሉትን መቋሚያ ባሌ ከመንገድ አግኝቶ ተራ እንጨት መስሎት የመጥረቢያ እጀታ አድርጎታል። እግዜር ያሳይዎ፣ እንዴት ያለ እጀታ ወጣው!»

«ስምንት ወር!» አሉ መሪጌታ ክንፉ እጃቸውን አናታቸው ላይ ጭነው። «ስምንት ወር በሸንበቆ ተደግፌ ማሕሌት ስቆም! ሁለቴ ከእጄ ተሰብሮ ወድቄያለሁ!»

«በቃሽ!» አሉ ጭቃ ሹሙ። «ዝም በይና ውጪ!»

ደብሪቱ ግን ዳኛ በቃሽ ካለ ዋናውን ጥፋት ገና አልተናገርሽም ማለቱ ነው ብላ ደመደመች።

«እንግዲያማ የጠጅቱ አውራ ዶሮ ነው!»

ጠጅቱ አፏን ያዘች። «ሸለምጥማጥ በላው ብለሽ አብረሽኝ ያለቀስሽለት ዶሮ?»

«ልቅሶዬስ የምር ነበር። ያንቺ መሆኑን ያወቅነው ከበላነው በኋላ ነው።»

«ሞት ይርሳኝ! የዚያን ዕለት ወጥ ልከሽልኝ አልነበር? የገዛ ዶሮዬን እጄን እየላስኩ በላሁት!»

ሕዝቡ ሳቁን መያዝ አቃተው። ጭቃ ሹሙ ግን አልሳቁም። በአደባባይ የተነገረ ጥፋት ነው፤ ከሳሾቹም ቆመዋል፤ ሕግ ሕግ ነው። ነገ ጧት ሲፈረድ ጓንጉል ከተረታ ካሣው በሬው ነው፤ ያለችውም አንዲት ጥማድ ናት። ደብሪቱ ባሏን ከእስር ላድን ብላ ወጥታ በሬውን አስያዘችው።

«ዋስ ጥሪ» አሏት።

ደብሪቱ ወደ ሕዝቡ ዞረች። ያየችው ሰው ሁሉ ዓይኑን መሬት ላይ ይተክላል። ለእሷ ዋስ ሆኖ ብዙ ከተቀራረበ፣ ነገ ደግሞ የእኔን ጉድ ታወጣለች ብሎ ያልፈራ አልነበረም። ዋስ የታጣ እንደሆነ በዚያ ዘመን መፍትሔው ቁራኛ ነው። የከሳሽና የተከሳሽ ልብስ ጫፍ ለጫፍ ይቋጠራል፤ እስኪፈረድ ድረስ አብረው ይውላሉ፣ አብረው ያድራሉ። ቋጠሮውን ከዳኛ በቀር የሚፈታው የለም፤ የፈታው ተረታ። ጭቃ ሹሙ ሦስቱን ከሳሾች አስከትለው፣ በእግራቸው ጣት እየተራመዱ ወደ ዛፉ ሥር ገቡና የደብሪቱን ነጠላ በአንድ ጫፍ ከምትኩ ጋቢ፣ በሌላው ከመሪጌታ ኩታ፣ በሦስተኛው ከጠጅቱ ነጠላ ጋር ቋጠሩት።

«አሁን ንገሪኝ» አሉ ሦስተኛውን ቋጠሮ እያጠበቁ፣ «ለመሆኑ ማን ጠራሽ?»

«ጓንጉልን ዳኛ ይፈልገዋል ተብሎ ተለፍፎ የለም ወይ?»

«እኔ የፈለግሁት ንብ አርቢውን ጓንጉል ነው!» አሉና በጣታቸው ወደ ላይ አመለከቱ።

ደብሪቱ ቀና አለች። ከበርጩማዋ ትክክል በላይ፣ ከቅርንጫፉ ላይ፣ እንስራ የሚያህል የንብ መንጋ ተንጠልጥሏል። ያን ጊዜ ነው የለፋፊው ጀርባ ትዝ ያላት። ጮኸች። መጁ ከጫንቃዋ ተንሸራቶ በርጩማዋን ለሁለት ከፈላት። ንቡም ወረደ።

ሕዝቡ በያለበት ተበተነ። ጭቃ ሹሙ እየዘለሉ ቤታቸው ገብተው በራቸውን ዘጉ። አራቱ ቁራኞች ግን የሚበተኑበት መንገድ አልነበራቸውም። መሪጌታ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ምትኩ ወደ ወንዙ፣ ጠጅቱ ወደ ቤቷ ጎተቱ። ነጠላው ሊቀደድ ሲል ደብሪቱ ወደ ፊት ወደቀች፤ ሦስቱም በላይዋ ላይ ወደቁ። ተነሥተው በመጨረሻ ወደ ደብሪቱ ቤት በአንድ ላይ ሮጡ። በሩ ጠባብ ነውና በጎን እየተሳቡ ገቡ።

ያን ቀን በዚያ ቤት የሆነውን ጠጅቱ እስክትሞት ድረስ ስታወራው ኖራለች። መሪጌታ ለጸሎት ሲነሡ አራቱም ይነሣሉ። መሪጌታ ሲሰግዱ ሌሎቹ ይደፋሉ። ምትኩ ወደ ጓሮ ልውጣ ሲል ሦስቱ ፊታቸውን አዙረው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይከተሉታል። ጠጅቱ ንቡ ከንፈሯን ነድፏት አብጦ ስለነበር፣ ስትሳደብ እንኳ ምን እንደምትል የሚሰማት ጠፋ።

«እኔ ይቅር ብያለሁ፣ ፍቱኝ» አሉ መሪጌታ ቀትር ሳይሞላ።

«የፈታ ተረታ ነው የተባለው» አለ ምትኩ። «ንክች አላደርገውም።»

ደብሪቱ አንገቷን ደፍታ ስለ በሬው ታለቅስ ነበር። ስታለቅስ ዓይኗን በነጠላዋ ትጠርጋለች፤ ነጠላዋን በሳበች ቁጥር ደግሞ ሦስቱ ሰዎች ወደ እሷ ያዘነብላሉ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጓንጉል ከቆላ ተመለሰ። በሩን ገፋ ቢያደርግ መሪጌታ፣ ምትኩና ፊቷ ያበጠው ጠጅቱ በአልጋው ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል። ሚስቱ መሐላቸው ሆና ታለቅሳለች።

«ማን ሞተ?» አለ።

«ገና ማንም» አለች ደብሪቱ። ከዚያም ሁሉንም ነገረችው።

«የድንበሩንም?» አለ ጓንጉል።

«የድንበሩንም።»

«መቋሚያውንም?»

«መቋሚያውንም። ዶሮውንም።»

«ሌላስ?»

«ሌላውን ሳልናገር ንቡ ወረደ።»

«ሌላም አለ እንዴ?» ብሎ ምትኩ ሲነሣ ሦስቱን አስነሣቸው።

ጓንጉል ከጥግ መጥረቢያውን አንሥቶ በሁለት እጁ ለመሪጌታ ሰጣቸው። «ከነብረቱ የእርስዎ ነው። መቋሚያም ከወይራ ቆርጬ አመጣለሁ።» ለጠጅቱ፣ እንቁላል ልትጀምር የደረሰች ቄብ ይዞ ጭኗ ላይ አኖረላት። ወደ ምትኩ ዞረ። «ለአንተ ትልሟን እመልሳለሁ፤ የእኔንም አንድ ትልም ጨምረህ እረስ። በሬውን ብቻ አታስወስድብኝ።»

ምትኩ ጢሙን አሸት አሸት አደረገ። ደብሪቱን አየ፣ ቋጠሮውን አየ፣ ጣሪያውን አየ።

«ጭማሪ አልፈልግም» አለ ቀስ ብሎ። «ካቻምና... የእኔም በሬ ትንሽ ወደ አንተ ስቦ ነበር።»

«አዬ!» አሉ መሪጌታ። «ሴትዮዋ በሽታዋን አስተላለፈችብን!»

ይህን ጊዜ ጭቃ ሹም መኩሪያ አንድ ዓይናቸው አብጦ ተከድኖ፣ ግድግዳ እየዳሰሱ ገቡ። ንብ አርቢው ጓንጉል ደርሶ መንጋውን በቀፎ ወስዶላቸዋል፤ በርጩማ ግን የላቸውም። መታረቃቸውን ከሦስቱም አፍ ሰሙና ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ ፈቱ። ምትኩ እጁን ዘርግቶ ጥቂት ቆመ፤ ማንም እንዳልተከተለው ሲያይ ብቻውን ወደ ጓሮ ሮጠ። ሌሎቹም እየተመራረቁ ወጡ። ጠጅቱ ቄቧን በብብቷ ይዛ፣ ባበጠ ከንፈሯ ደብሪቱን ሳመቻት።

ደብሪቱ በሩን ልትዘጋ መቀርቀሪያውን አነሣች። ጭቃ ሹሙ ገና ግቢውን አልወጡም ነበር። ከወንዙ ማዶ አንዲት እናት ልጇን ስትጣራ ተሰማ።

«ባንቺ! ኧረ አንቺ ባንቺ!»

«አቤት!» አለች ደብሪቱ በሩን ብርግድ አድርጋ። «ወዴት ልምጣ?»

ጓንጉል ክንዷን ይዞ ወደ ውስጥ ሳባት፤ በሩን ዘጋና መቀርቀሪያውን እስከ መጨረሻው ገፋው። ጭቃ ሹም መኩሪያም በጨለማው አጥር ሥር ቆም ብለው፣ የተዘጋውን በር በደህናው ዓይናቸው እያዩ፣ «አይ አንቺ ሴት፤ ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት!» አሉ።